ስለ ንዴት መመዝገቢያ ካርድ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጉዳዩ፦ ቶሎ ግልፍ ለሚላቸው ተማሪዎች ስለተጀመረው ራስን የመቆጣጠር ልምምድ

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልጃችሁ አንዲት ካርድ በኪሱ ይይዛል። ካርዷ የክስ ወረቀት እንዳልሆነች አደራ እንላለን። «ዛሬም ሦስት ጊዜ ተናደድክ?» ተብሎ የተቆጡት ልጅ ከነገ ጀምሮ ባዶዋን ይዞ ይመጣል።

የሚሞላው የት እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ ወይም እንደተደረገበት፣ ሰውነቱ ምን እንደተሰማው፣ ምን እንዳደረገና ንዴቱ ከ1 እስከ 5 ስንት እንደነበረ ነው። የሚከብዳቸው የሰውነቱ ጥያቄ ነው፤ «በቃ፣ ተናደድኩ» ብለው ያልፉታል። ጥርስ መንከስ፣ ጆሮ መጋል፣ ጡጫ መጨበጥ ግን ከቡጢው ቀድመው ይመጣሉ። 2 ላይ ያወቃቸው ልጅ ራሱን ሊገታ ይችላል፤ 5 ላይ ምክርም አይገባው።

ምልክቱን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እስከ 4 እየቆጠረ አየር ይስባል፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣል፤ አምስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ቃል ለራሱ ይላል። «ተረጋጋ» ሲቆጡት የሚሰማው ቃል ስለሆነ ብዙም አይረዳም። በኮሪደር ትከሻው ሲገጭ «አውቆ ነው» ከማለት «ሳያየኝ ይሆናል፣ ልጠይቀው» ማለትን እናለማምዳለን፤ ብዙው ጠብ የሚጀመረው ከዚያች ግምት ነውና።

በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ልጁና መምህሩ ለየብቻ ስለ ጠባዩ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያሸልመው የነጥቡ ከፍታ ሳይሆን የሁለቱ መግጠም ነው። ልጁም መምህሩም 1 ከሰጡ ልጁ ይሸለማል። ረብሾ እንዴት ይሸለማል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ጥፋቱን በትክክል ማየት ያልለመደ ልጅ ግን የሚያርመው ነገር የለውም። ሲለምድ መምህሩ ነጥብ የሚሰጥበት ጊዜ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ባንድ ጊዜ ከቆመ ግን ልጁ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል።

ከእናንተ የምንፈልገው በቀን 5 ደቂቃ ነው። ልጁ ሰላም በሆነበት ሰዓት አተነፋፈሱን አብራችሁት ተለማመዱ። በንዴቱ መሀል «ተንፍስ!» ብሎ መጮህ እሳት ላይ ጋዝ ነው። ያገኘውን ነጥብ በሌላ ጥፋት አትንጠቁት፤ ሽልማቱም ትንሽ ይሁን፣ በዕለቱ ይሰጠው።

ስለት ካነሳ፣ ወይም ራሱን አለዚያም ሌላ ሰው እንደሚጎዳ ከተናገረ ጉዳዩ ከካርድ በላይ ነው፤ ብቻውን አትተዉት፣ ወዲያውኑ ደውሉልን።

ካርዷ በየሳምንቱ መጨረሻ ትቀየራለች። ከጠፋችም ሌላ እንሰጣለን፤ መጥፋቷ አያስቀጣም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር