የክበባት ዘገባ፦ የካርታ ክበባችን ከጓሳ የተማረው

ዓመቱን ሙሉ «ልጆቹ እዚያ ስልክ ላይ ምን ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም ሲደርሰኝ ቆይቷል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ መጽሔት ላይ በዝርዝር ልመልሰው። የክበባችን ልጆች የየሠፈራቸውን ቦኖ፣ የእግረኛ ድልድይና ጤና ጣቢያ በእግራቸው ዞረው እያዩ ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ካርታ ላይ ይመዘግባሉ። ካርታው እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን የሚሞሉት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማንም ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጠቀምበታል፤ «የኔ ነው» ብሎ የሚዘጋው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ የዋና ከተማዋን የፖርቶፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ፎቶ እያዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካርታው ላይ ያሰፈሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቅመውበታል። ልጆቻችን ስልክ የሚይዙት ለዚህ ሥራ ነው።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችን እንደተለመደው ተካሂደዋል። ስለ ነፃ ሶፍትዌር ተወያይተናል፤ እናቷ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ አንዲት ልጅ በአገራችን የጤና ሪፖርት የሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ሥርዓት መሆኑን አቅርባልናለች። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ስለ ደብረ ብርሃን ያለውን ጽሑፍ ለማስፋት ጀምረን ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ እየጠፋ ሳንጨርሰው ቀረ። ከአጋማሽ ፈተና በኋላም የአባላት ቁጥር ቀንሷል።

ከሁሉ የከበደን ግን የእርስ በርስ ጠብ ነው። ብዙ የሠራ ለመምሰል የሌለ ቦኖ የመዘገበ ቡድን ተገኘ። በዚህ የተናደደው ሌላው ቡድን ደግሞ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ሳይለይ የነዚያን ሥራ ጠራርጎ አጠፋ። ሁሉም ሊነካው የሚችለውን ነገር ማን ይጠብቀው? ነዋሪው ራሱ ወደሚጠብቀው የሣር ደጋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ የሄድነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

ጉዞው በገንዘብ እጥረት ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ፣ ወላጆች አዋጥተው ነው የተሳካው። በጣርማበር አድርገን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ ስለ ኤሊኖር ኦስትሮም ነገርኳቸው። በስዊዘርላንድ የግጦሽ ተራሮች፣ በስፔን የመስኖ ቦዮችና በሌሎችም አገሮች ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ሕግ የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት ጠብቀው መኖር እንደቻሉ ያሳየች ምሁር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆናለች። ልጆቹ በትሕትና ሰሙኝ። ልባቸውን የከፈተው ግን ጓሳ ነው።

ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ሲበሉ አየን። ቀይ ቀበሮ ለማየት ብንጓጓም አልቀናንም። ይህን ቦታ ከሁለት የቀድሞ አባቶች የሚወለዱት የጌራና የአስቦ ወገኖች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበት ጊዜ በጋራ ተወስኖ ይነገራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል።

አንድ አባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጓሳ ገመድ ይገምዳሉ። በመዳፋቸው ሣሩን ጭናቸው ላይ እያሹ፣ ጫፉ ሊያልቅ ሲል ሌላ ጥቂት ሣር እየቀጠሉ፣ ዓይናቸው ግን ከልጆቹ ላይ አይነቀልም። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ ቀረብ አለቻቸው።

«አባባ፣ በሌሊት ገብቶ የሚያጭድ ቢኖር በምን ታውቃላችሁ?»

«ልጄ፣ ጓሳ እኮ አይደበቅም። ቤቱ ላይ አዲስ ክዳን ካየን ከየት አመጣኸው እንለዋለን።»

«ቢዋሽስ?»

«ጎረቤት አለው አይደል?»

ልጅቷ ዝም ብላ ደብተሯን አወጣች። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የክበባችንን ሕግ ረቂቅ አውቶቡስ ውስጥ አነበበችልን። ማንኛውም ቦኖ ሲመዘገብ የመዝጋቢው ስም ይያዛል፤ የሠፈሩ ነዋሪ ያረጋግጣል፤ ሁለት አባላት ቦታው ድረስ ሄደው ሳያዩ ማንም የሌላውን ምዝገባ አያጠፋም። ሲጣሉ የከረሙት ሁለቱ ቡድኖች ያለ ክርክር እጃቸውን አወጡ። ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንደዚያ ቀን ልቤ የተነካበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሕጉ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። የታተመውን ካርታ ይዘን በቀበሌ የውኃ ስብሰባ ላይ ተገኘን። አንዲት እናት ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው «ይሄ ከደረቀ ቆየ፤ አጥፉት» አሉ። ያቺው ልጅ «እማማ፣ መጀመሪያ ያሳዩን» ብላ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ተከትላቸው ሄደች። ቦኖው በእርግጥም ደርቋል። በቀበሌው መዝገብ ግን የሚሠራ ተብሎ ተይዟል። ስንመለስ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ፤ ነዋሪው በአቤቱታ ፋንታ ካርታውን እያሳየ «የኛ ሠፈር የታለ?» ይል ጀመር። ቦኖው እስከ አሁን አልተጠገነም። ሆኖም መረጃው ከአንድ መሳቢያ ወጥቶ ሁሉም የሚያየው ሆኗል፤ ቴክኖሎጂ አስተዳደርን ይለውጣል ሲባል እኔ የሚገባኝ ይህ ነው። ከአስተዳዳሪው ጋር እኩል የሚያውቅ ነዋሪ ጥያቄውም የጠራ ይሆናል።

ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች ሽፋናቸው ሳይገለጥ የሚከርሙበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ ይከፈትልን። ልጆቹ ካርድ የሚሞሉት ከኪሳቸው ስለሆነ የኢንተርኔት ጥቅል የሚሸፍንልን ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ እንፈልጋለን። አሮጌ ግን የሚሠራ ስልክ ያለው ይስጠን፤ ስልክ የሌላቸው አባላት እስካሁን የሚሠሩት በጓደኛ ስልክ ነው። በመስከረም ከጠባሴ ወዲያ ያሉትን ሠፈሮች እንጀምራለን።