የሠዓሊዎች መሥሪያ ቤትም ይታሰብበት

ለአዘጋጁ፤

ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ስለሚደረግ መልሶ ማቋቋም ባወጣችሁት ጽሑፍ የጥበብ ማኅበራት ሳይነሡ መቅረታቸው አሳዝኖኛል። በሄይቲ ዋና ከተማ ፖርት ኦ ፕሪንስ በ1944 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ማዕከል በ2010 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርስ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ከፍርስራሽ ሥር ወጥተዋል። የማዕከሉ ሠዓሊዎች በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ከሣሏቸው 14 ሥዕሎች ግን የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። በድንኳን ለሚያድር ሠዓሊ ብሩሽና ሸራ ቅንጦት አይደሉም፤ እንጀራው ናቸው። ዱቄት በሳምንት ይደርሳል፤ ጀማሪ ከአንጋፋ አጠገብ ተቀምጦ እጁን የሚያፍታታበት ቤት ግን አንዴ ከተበተነ በቀላሉ አይሰበሰብም።

በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ በመሬት መንቀጥቀጥ የተፈናቀሉትን ለማቋቋም ከሚመደበው ገንዘብም ሰሌን ለሚሠሩ የአፋር ሴቶች የጋራ መሥሪያ ዳስና የዘንባባ ቅጠል መግዣ ተለይቶ ይያዝ፤ አከፋፈሉንም ሴቶቹ ራሳቸው የሚመርጡት ኮሚቴ ይወስን።

አንድ አንባቢ