የቡናው ማሳ በበጀቱ ውስጥ ቦታ ይኑረው፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመንግሥት ወጪ ለወጪ ንግድ የሚሰጠውን ድጋፍ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቡና ላኪ ቢሮ የወጪ ንግድ ሰነድ እያዘጋጀሁ ዓመታት ያሳለፍኩ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቀጣዩ በጀት ሲዘጋጅ፣ ገንዘቡ ለየትኛው ዘርፍ እንደተመደበ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል የውጭ ምንዛሪ ይዞ እንደሚመለስም እንዲታሰብበት ለመጠየቅ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዕድገታችንን በዋናነት የመራው የመንግሥት ኢንቨስትመንት ነበር። መንገዱ፣ ግድቡና የባቡር ሐዲዱ በየዓመቱ ለተመዘገበው ዕድገት ቢደመሩም፣ ብረቱም ማሽኑም ነዳጁም የሚገዛው በዶላር ስለነበር፣ ከሸቀጦች የወጪ ንግድ የሚገኘው ገቢ ግን ለዓመታት ከ3 ቢሊዮን ዶላር ብዙም ፈቀቅ ስላላለ፣ ክፍተቱ በብድር ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለውጭ ባለሀብቶች የሸጥነው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የብድር ሰነድ) ወለድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል መቅረቱ የዚሁ ውጤት ይመስለኛል። ወጪው ሁሉ ባከነ ማለቴ ግን አይደለም፤ የጅቡቲው ባቡር ዛሬ ቡና ያመላልሳል፣ ያለ መንገድም እሸት ቡና በጊዜው ማጠቢያ ጣቢያ አይደርስም። ችግሩ፣ ወጪው ምርትን ከገበያ ጋር የሚያገናኙትን ትንንሽ ሥራዎች ብዙ ጊዜ መዝለሉ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግድ ገቢው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በዚህ ከልብ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከዚህ ውስጥ 3.5 ቢሊዮን ያህሉ የወርቅ፣ 2.6 ቢሊዮን ያህሉ ደግሞ የቡና ነው። ሁለቱም በዓለም ገበያ ዋጋቸው በተወደደበት ዓመት የተገኘ ገቢ ስለሆነ፣ ዋጋው ሲወርድ የሚያግዘን በቅድሚያ የሠራነው ሥራ ብቻ ነው።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ባልተመነጠረበት መሬት ላይ መመረቱን የሚያረጋግጥ የማሳ መገኛ መረጃ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ መመዝገብ በቂ ስለሆነና የአብዛኛው ገበሬያችን ማሳ ከዚያ በእጅጉ ስለሚያንስ፣ ሥራው ከሌሎች የካፒታል ፕሮጀክቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ከባድ የሚሆነው ማሳው በየመንደሩ ተበታትኖ ስላለና ቡናው በአቅራቢዎች እጅ ሲያልፍ ስለሚቀላቀል ነው። ይህን አንድ ላኪ ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ ቢሠራውም መረጃው ለሌላው አይደርስም። ገዢዎቻችን ከወዲሁ መረጃውን እየጠየቁን ነው፤ እኔም በየደብዳቤው ተመሳሳይ ያልተሟላ መልስ ስጽፍ አፍራለሁ።

ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ ለ2018 ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ የሆነ ገንዘብ ለዚህ ምዝገባ በተለየ የበጀት ርዕስ እንዲመድብ፣ ምዝገባውን ገበሬውን በስምና በማሳ በሚያውቁት የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች በኩል እንዲያስፈጽም፣ መረጃውም ለገበሬውና ለገበሬዎች ማኅበራት በነፃ ክፍት እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሥራው ሂደት በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ እኛ ሰነድ አዘጋጆችም ለገዢዎቻችን እርግጠኛ መልስ መስጠት እንችላለን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
በአንድ የቡና ላኪ ድርጅት የወጪ ንግድ ሰነድ ሠራተኛ
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ