ሁለት ሺህ አርባ ሲኒ ዘይት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እውነቱን ልናገርና ጋዜጣችሁን ገዝቼ አይደለም የማነበው። ፌስታል ይከለከላል ከተባለ ወዲህ ለበርበሬና ለሽሮ መጠቅለያ የሚሆን ያረጀ ጋዜጣ በኪሎ እገዛለሁ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከመቅደዴ በፊት አነበዋለሁ። ስለዚህ እኔ ጋ የሚደርሰው ወሬ ሁሉ ቢያንስ የሁለት ወር ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቅጠል ልቀድ ስል ስለ ኑሮ ውድነት የተጻፈ ነገር ዓይኔ ገባ። ጸሐፊው ስለ ዶላር አንስተዋል፣ ስለ ነዳጅ አንስተዋል። መጨረሻ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ ሰብስበው "ስግብግብ ቸርቻሪ" ላይ ጣሉት። ያንን ቅጠል በርበሬ አልጠቀለልኩበትም። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቸርቻሪዋ እኔ ነኝ። ሱቄ ኮምቦልቻ፣ ሸሻ በር ነው። "ሱቄ" ማለቴ በአፍ ነው እንጂ ቤቱ የሰው ነው። አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ወዲህ መደርደሪያ፣ ሚዛንና የእንቁላል ትሪ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ፍራሽ፣ ምድጃና የልጄ ደብተሮች አሉ። ሌሊት ሰው መጥቶ "እትዬ፣ ሻማ" ሲል ከፍራሹ ላይ ሆኜ እጄን በመጋረጃው አሾልኬ እሰጣለሁ።

እኔ ጋ ሙሉ ነገር የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ቲማቲም በቁጥር ይወጣል። ሳሙና ለሁለት እቆርጣለሁ። ረመዳን ሲሆን ተምር እንኳ አምስት አምስት ፍሬ አድርጌ ነው የምሸጠው። ለማፍጠሪያ ሦስት ፍሬ የሚበቃው ሰው ኪሎ ግዛ አይባልም።

ጸሐፊው ሒሳብ ይወዳሉ መሰለኝ፣ እንግዲህ ሒሳቡን ላሳያቸው። በቀደም ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት ከጅምላ ሱቅ በ1,500 ብር አመጣሁ። የምቀዳበት ሲኒ ጠርዙ ትንሽ ሸርፏል፤ ደንበኞቼ "ይቺ ሽርፍራፊ የኛን ትበላለች" እያሉ ስለሚተርቡኝ ከወርቅ መስመሩ አሳልፌ ነው የምሞላው። ከአንድ ጀሪካን 68 ሲኒ ይወጣል። ቆጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ጀሪካኑን ሌሊቱን ዘቅዝቄ አሳድረዋለሁ፤ 68ኛዋ ሲኒ የምትገኘው ከዚያ ነው። ሲኒውን በ25 ብር ስሸጥ 1,700 ብር ይሆናል። ትርፌ 200 ብር ነው። የመብራቱም፣ የጋሪውም፣ "ነገ እከፍላለሁ" ብሎ የቀረውም ያለው ከዚሁ ውስጥ ነው።

አሁን ኪራዬ በወር 6,000 ብር ነው። ስድስት ሺህ ለሁለት መቶ ሲካፈል 30 ጀሪካን። ማለትም ከአከራዬ ጋር በሰላም ለማደር በየወሩ ሁለት ሺህ አርባ ሲኒ ዘይት መቅዳት አለብኝ። እኔና ልጄ ገና አልበላንም።

አንድ ነገር አልደብቅም። በሲኒ የሚገዛው ሰው በሊትር ከሚገዛው በላይ ይከፍላል። ሒሳቡን ያሰላ ሰው ሊትሩ 340 ብር እንደሚመጣበት ያያል። ድሃው ነው ውድ የሚገዛው፣ የምሸጥለትም እኔ ነኝ። ይሄ አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሳኛል። ግን 1,500 ብር በአንዴ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያውኑ እኔ ጋ አይመጣም። አስፋልቱ ዳር አዲስ ሚኒ ማርኬት ተከፍቷል፤ በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ ፍሪጅ አለው። ዘይት ከእኔ በርካሽ ይሸጣል፣ አልዋሽም። ሲኒ ግን የለውም። ዱቤም የለውም።

ዱቤን ካነሳሁ አይቀር ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ እኔ ገና ጉሊት ነበርኩ፤ ሽንኩርትና ድንች መሬት ላይ መድቤ ነበር የምሸጠው። በዓመቱ ከጃማ፣ ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከተንታ ሴት ልጆች ለፓርኩ ሥራ መጥተው ሰፈሩን ሞሉት። ግቢ ያለው ሁሉ ከኋላው እየቀጠለ በጭቃም በብሎኬትም ክፍል ደረደረ። ልጆቹ አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ፈረቃቸው ስለሚለያይ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ የምትተኛበት ፍራሽ ነበር። ደመወዛቸው ያኔ ሺህ ብር አካባቢ ነው። ታዲያ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅና "እትዬ፣ ጻፊልን" ይላሉ። እኔም ጉሊቱን ትቼ ይቺን ክፍል በ800 ብር ተከራየሁ። ሱቅ ያወጣኝ የእነሱ ዱቤ ነው።

ስማቸውን ሁሉ አላውቅም ነበር። ደብተሩ ላይ "የጃማዋ ረጅሟ"፣ "የኋላ ክፍል አራቶቹ"፣ "ባለ ቀይ ሻርፕ" እያልኩ ነበር የምጽፈው። ደመወዝ በወጣ ማግስት ማታ በሬ ላይ ይሰለፉና እየከፈሉ ያሰርዛሉ። ከሦስት ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። ብሩ እጄ ላይ የሚያድረው ግን አንድ ሌሊት ነው። እነሱ ለእኔ፣ እኔ ለጅምላው፣ እኔም እነሱም ለአከራይ። አከራዬ መጀመሪያ 1,200 አለኝ፣ ከዚያ 1,500። ሠራተኛ በበዛ ቁጥር ቤት ይወደዳል፤ ቤት በተወደደ ቁጥር የእኔም ሽንኩርት ይወደዳል። ልጆቹ ኪራይ የሚከፍሉት ሁለቴ እንደነበር ያኔ አልገባኝም። አንዴ ለሚተኙበት ክፍል፣ አንዴ ደግሞ በእኔ ዘይት ውስጥ ተደባልቆ።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ከተማችን ተያዘች። ልጄን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። ከአንድ ወር በላይ በሰው ቤት ቆይቼ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ መዝጊያው ተገንጥሏል። ዕቃ አልጠበቅኩም፤ መደርደሪያው ራሱ መሄዱ ግን አስገረመኝ። ደብተሩ መሬት ላይ ተጥሎ ነበር፤ ዱቄት ተደፍቶበታል፣ ሰው ረግጦታል። አንስቼ አራገፍኩት። በውስጡ ከ11,000 ብር በላይ ነበር። ልጆቹ ግን የሉም። ፓርኩም ተዘርፎ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች ተባለ። አጎዋ ምን እንደሆነ ያወቅነው ሲቀር ነው። ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ለካ እኔ ሱቅ ድረስ ክር ነበረው።

ከልጆቹ የተመለሱ አሉ፣ አገራቸው ገብተው የቀሩም አሉ። ብዙዎቹ ዓረብ አገር ሄዱ። አምና "ባለ ቀይ ሻርፕ" ታናሽ እህቷን ልካ 640 ብር በቴሌብር አስገባችልኝ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት፤ ልክ 640 ብር ነው። እኔ ረስቼው ነበር፣ እሷ ቤይሩት ሆና አልረሳችውም። ደውዬ "ያኔ በ640 ብር የሚገዛውን አሁን ብታዪው ትስቂ ነበር" አልኳት። ሳቀችም። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ሰፈሩ ሲቀዘቅዝ ኪራይ ይወርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልወረደም። ፓርኩ ውስጥ ሥራ ቀስ በቀስ ሲመለስ ግን ቀድሞ የጨመረው እሱ ነው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በነጋታው ጅምላ ሱቅ ስሄድ "ዘይት የለም" አሉኝ፤ ዘይቱ ግን ከኋላቸው ተደርድሮ ይታየኛል። በሦስተኛው ቀን "አለ" አሉኝ፣ ዋጋው ሌላ ሆኖ። ጸሐፊው ስግብግብ የሚሉት ይሄን ከሆነ አልከራከራቸውም። ብቻ በማዕረግ ይለዩን። የደበቀውና በሲኒ የምትቀዳው አንድ ስም አይሰጣቸውም።

አከራዬም "እንግዲህ ዶላር ጨምሯል" ብሎ ከ3,000 ወደ 4,500 አወጣው። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ቆርቆሮው ልጅ ሆኜ የማውቀው ነው። ከዶላር ጋር ምን እንዳገናኘው እሱና አላህ ያውቃሉ። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ልጄ የታመመች ጊዜ የሁለት ወር ኪራይ ታግሶኛል። የሚያስፈራው ግብር ነው። ንግድ ፈቃድ ለማደስ የኪራይ ውል አምጪ ስባል "ውሉ ላይ ሁለት ሺህ ብለን እንጻፍ፣ ካልሆነ ልቀቂ" አለኝ። እኔም ፈረምኩ። አሁን በወረቀት 2,000፣ በእጅ 6,000 እከፍላለሁ። ግብር የሚገምተው ሰው ወረቀቱን አይቶ "ኪራይሽ ርካሽ ነው፣ ታተርፊያለሽ" ይለኛል። ምን ልበለው? በውሸት ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ።

መጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጣ ሲባል ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። የልጄ አስተማሪ ከስልኩ አነበበልኝ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። በክልል ከተሞች ክልሉ ሲወስን ነው የሚሠራው አለኝ። "ይሁን፣ አንድ ቀን ይደርሰናል" ብዬ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ትሁት ነው። "እናቴ፣ አዋጁ ለመኖሪያ ቤት ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ንግድ ቤት ነው" አለኝ። "የምኖረውም እዚያው ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና "እርስዎ ንግድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት ወይስ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው የሚነግዱት?" አለኝ። ስለ መጋረጃው ነገርኩት። ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ ግራ ገብቶት ነው። ንግድ ቤት ውስጥ መኖር እንደማይፈቀድ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥም መነገድ እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አዋጅ ቢመጣልኝ እንኳ ፍራሼን እንጂ ሚዛኔን አይጠብቅልኝም። አከራዬም ብልህ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ መጨመር ቢከለክሉት ከመጋረጃው ወዲህ ይጨምራል።

እንዲህ የምንኖረው ብዙ ነን። በእኛ መንገድ ብቻ ሰባት ሱቅ አለ፤ አምስቱ መጋረጃ አላቸው። ከፊት ለፊቴ ያሉት አሮጊት በቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት፣ ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ። የእሳቸው የወር ኪራይ አንድ ኪሎ ስኳር አይገዛም። እሳቸውም ታዲያ በረንዳቸውን ለጀበና ቡና ሻጭ አከራይተዋል፤ ስንት እንደሚቀበሉ ብነግራችሁ ጎረቤት ያጣላል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክልሉ ወይ ከተማው ስለ ኪራይ የሚወስን ቀን፣ በአንድ ክፍል የሚኖርና የሚነግድ ሰው እንዳለ ይጻፍልን። ውላችን በእውነተኛው ብር ይመዝገብ። አከራዩ እውነቱን ስለጻፈ ብቻ በአንድ ጊዜ በግብር እንዳይደቆስ የሚሆንበት መላ ይፈለግ፤ አለዚያ ማንም እውነቱን አይጽፍም። ጭማሪው አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ እኔም የሲኒዬን ዋጋ በየሁለት ወሩ አልቀይርም። ጸሐፊው ዋጋ ማረጋጋት ያሉት ነገር እኔ ሰፈር ይሄ ነው።

እሳቸው ኮምቦልቻ ከመጡ ሱቄ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ጀሪካን የምዘቀዝቀው ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ 68ኛዋን ሲኒ ለማየት ግን ማደር አለባቸው።

ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ጽፌያለሁ፤ አከራዬ ጋዜጣ ያነባል።

የሱቅ ተከራይ፣
ከኮምቦልቻ