ጓሮ የሌለው ቤት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ላይ የማሽኑ ጉዳይ ስለተጓተተ፣ ሆቴል ተቀምጬ ጣራ ከምቆጥር ብዬ በባቡር ወደ ፉጂያን ግዛት ተሻገርሁ። እዚያ ዮንግዲንግ በሚባል ተራራማ አገር የሀካ ሰዎች ቱሎው የሚሉት የአፈር ቤት አለ። ቤት ስልሽ መንደር በይው። ሀካ ማለት እንግዳ ቤተሰብ ማለት ነው አሉ፤ ከሰሜን እየተሰደዱ የመጡ ናቸው።

ያየሁት ቼንግቺሎው ይባላል። በፈረንጆች 1709 ነው ያለቀው። አራት ክብ ቤቶች እንደ ስፌት ዙር አንዱ በአንዱ ውስጥ ናቸው፤ መሃል ላይ የአያቶቻቸው አዳራሽ አለ። የውጭው ግድግዳ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። አያትሽ ጭቃ በጭድ ያቦኩ ነበር፤ እነዚህ ግን አያቦኩም፤ እርጥብ አፈር በሁለት ሳንቃ መካከል እየጨመሩ፣ ስንጥቅ ቀርከሃ እያስገቡ ይደቁሱታል።

ያስደነቀኝ ግን አከፋፈላቸው ነው። ምድር ቤቱ ማድ ቤት፣ ቀጥሎ ያለው ጎተራ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ሁለቱ ደርቦች መኝታ ናቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከታች እስከ ላይ የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ ደረጃውና የውኃ ጉድጓዱ የጋራ ነው። ክፍሎቹ እኩል ናቸው፤ ቤቱም ክብ ስለሆነ ጓሮ የሚደርሰው ወንድም የለም።

እዚያ ቆሜ አጎትሽን አሰብሁት። እኔ የመንገዱን ዳር ወስጄ፣ እርሱን ጓሮ አስቀርቼ፣ በመሃላችን ቆርቆሮ ያስመታሁት እኔ ነኝ። በጠባቧ ቅያስ በኩል በር ሲከፍት እያየሁ ዝም አልሁ።

የተቀደሰ ቦታ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሄደዋል፤ ብዙው ክፍል ተቆልፏል፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ውጭ መውጣት አለብሽ። ሻይ ቅጠል የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «አንድ ላይ ስትኖሩ አትጣሉም?» ብዬ በአስጎብኚው በኩል ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ዛሬ ጠዋት እንኳን ከምራቴ ጋር!» አሉኝ። ምራታቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ገንዘብ ትቆጥር ነበር።

ሁለት እሽግ ሻይ ገዝቻለሁ። አንደኛው የአጎትሽ ነው፤ እኔው ራሴ አደርስለታለሁ። እስክመጣ ግን ያን ቆርቆሮ የመታውን አናጢ ፈልጊልኝ። ስልኩ ከመሳቢያው ውስጥ፣ በአሮጌው ማስታወሻ ደብተር ላይ አለ።

አባትሽ