ለአባቴ፦ ልጄ ሐይቅ ዳር ስለከረመችባቸው 12 ቀናት

ደሴ፣ ነሐሴ 20 ቀን

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ዝናብ የጉልበትዎን ሕመም እንዳያብስብዎ እየሰጋሁ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን፤ የጦሳ ተራራም እንደ ልማዱ ጉሙን ተከናንቦ ሰንብቷል።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «የአያቷ ቤት ሳለ ልጅቱን ለባዳ ሰጥቶ ድንኳን ውስጥ ማሳደር ምን የሚሉት ነው?» ብለው አዝነው ነበር። ያን ጊዜ የምመልሰው ቃል አጠረኝ፤ አሁን ግን የልጅ ልጅዎ ከክረምት ካምፑ በሰላም ስለተመለሰች በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ። የላክኋት የእርስዎን ቤት ንቄ አይደለም፤ እርስዎ በልጅነቴ ያደረጉልኝን ለእርሷም ላደርግላት ፈልጌ፣ ከተማ ውስጥ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

በ10 ዓመቴ ትምህርት ሲዘጋ ከአምባሰል ደላንታ አክስቴ ዘንድ የወሰዱኝን ያስታውሳሉ? እናቴ «ደጋው ይገድልብኛል» እያለች ስታለቅስ፣ እርስዎ ምንም ሳይመልሱላት በሶውን ቋጥረው መንገድ ጀመሩ፤ ዳገቱን ስንወጣም ዋልን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ከአክስቴ ልጆች ጋር በአንድ ባና ሥር ተኝቼ፣ ማንም እንዳይሰማኝ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስሁ። በአራተኛው ቀን በጎቹ ከመስክ ሲመለሱ አንዲት እናት በግ ጎደለች፤ በረዶው እየወረደ ስፈልጋት ከአንድ ቋጥኝ ሥር ወልዳ አገኘኋት። ግልገሉ ገና እርጥብ ነበር፣ እግሮቹም ይንቀጠቀጡ ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌው ስገባ አክስቴ «ይህች ልጅ እረኛ ሆናለች» አለች፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ አላለቀስሁም። ከልጅነቴ ክረምቶች ሁሉ ቀን በቀን መተረክ የምችለው ያን አንዱን ብቻ ነው፤ የቀሩት ተደባልቀው አንድ ሆነውብኛል።

የእኔ ልጅ 11 ዓመት ሲሞላት ከእኔ ተለይታ አንድ ሌሊት እንኳ አድራ አታውቅም ነበር። የምንኖረው በኪራይ ግቢ ነው፤ ክረምቱን በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ነው የምታሳልፈው። እውነቱን እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝና፣ እርስዎ ዘንድ ስትመጣም እንግዳ ናት፤ እሸቱ መጀመሪያ ለእርሷ ይጠበሳል፣ ውኃ ቅጂ የሚላት የለም፣ ብታጠፋም «ተዋት፣ የከተማ ልጅ ናት» ይባልላታል። ይህ ፍቅር ነው፤ አያትም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን ልጅ ከእኩዮቹ መካከል እንደ አንዱ ተቆጥሮ፣ ሥራ ተሰጥቶት፣ ካልሠራውም ሌሎች የሚጎዱበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ካምፑ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነበር። ልጆቹን ስምንት ስምንት አድርገው ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወጣት መሪ መደቡ፤ ስልካቸውንም በመጀመሪያው ቀን ተረከቡ። የክረምት ካምፕ የሚባለው ልማድ ከውጭ የመጣ ነው፤ በአሜሪካ ኮነቲከት ፍሬድሪክ ገን የተባለ መምህር በ1861 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን በእግር ወደ ባሕር ዳር ወስዶ ሁለት ሳምንት ያህል በድንኳን ካሰነበታቸው ወዲህ ነው እየተስፋፋ የሄደው። ይሁን እንጂ እነርሱ ዘንድ ትምህርት የሚዘጋው ፀሐይ በሚወጣበት ወራት ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ዝናቡ በሚበረታበት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ አብዛኛውን ሌሊት ያደሩት በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ድንኳን የተተከለው ለሁለት ሌሊት ብቻ ነበር። የሐይቁ ጥልቀት እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ስለሚባል ዋና ተከልክሎ ነበር። የምግቡም ነገር እንዳሳሰበዎ አውቃለሁ። የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብለው ሥጋ ጭራሽ አላስገቡም፤ ሽሮውና ምስሩ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙትም ተስማምቷቸዋል። ይህንን ያሰበ ሰው ወሎን ያውቃል ብዬ ተደሰትሁ።

በሁለተኛው ማታ «እናቴን ጥሩልኝ» ብላ አልቅሳ ነበር። መሪዋ ግን ወደ እኔ አልደወለችም፤ ናፍቆት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንደሚበረታና የእናት ድምፅ እንደሚያብሰው ታውቃለች። አጠገቧ ቁጭ ብላ ካዳመጠቻት በኋላ፣ በማግስቱ የቡድኑን እሳት የማቀጣጠል ኃላፊነት ሰጠቻት። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ነበር። ልጅቱም ቅርፊቱን ልጣ፣ ከውስጥ ያለውን ደረቁን በቀጭን በቀጭኑ ፍቃ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ዓይኗ እስኪቀላ እፍ ብላ አያያዘችው። ስምንት ልጆች በዚያ እሳት ሻይ ጠጡ። ዛሬም ምድጃችን ፊት ተንበርክካ እንዴት እንዳደረገችው ታሳየኛለች።

በዘጠነኛው ሌሊት ድንኳኑ አፈሰሰ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብሳቸውን በራሳቸው ተሸክመው በጭቃ ወደ አዳራሹ ሮጡ። ስሰማው ደንግጬ ልቆጣ ነበር፤ እርሷ ግን አስቀድማ የተረከችልኝ ይህንኑ ነው፤ ከወልድያ የመጣችው ጓደኛዋ እንዴት እንደወደቀችና እርሷም እጇን ይዛ እንዴት እንዳነሣቻት። አሁን የሁለቱ ወዳጅነት በዚያ ጭቃ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የወጣ አንድ ጥናት፣ አምስት ቀን ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን ካምፕ የሰነበቱ የስድስተኛ ክፍል ልጆች የሰውን ስሜት ከፊቱ የማንበብ ችሎታቸው ካልሄዱት ይልቅ እንደተሻሻለ አሳይቷል። እኔም በቤቴ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ፊቴን ቀና ብላ አይታ «እማዬ፣ ዛሬ ደክሞሻል፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አለችኝ። እስከ በረካው ድረስ እርሷ ቀዳች።

ኢንሻአላህ በጳጉሜን ይዣት እመጣለሁ። እባክዎን እንደ እንግዳ አይቀበሏት፤ ጥጃዎቹን ያስረክቧት፣ እሳቱንም እርሷ ታንድድ።

ሐይቅ ያደረስኋት ዕለት ዞር ብዬ እንዳላያት ራሴን አስገድጄ እስከ አስፋልቱ ሄድሁ። እርስዎም ያን ጊዜ ከአክስቴ ደጅ ሲመለሱ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም፤ እኔም ብዙ ዘመን ቂም ይዤብዎት ኖሬያለሁ። ዳገቱን ሲወርዱ እያለቀሱ ነበርን?

ልጅዎ