የግብርና ክበብ፦ መሬቱ ሲከፋ የሚጸና ጤፍ ፍለጋ

«የትኛው ዝርያ ብዙ ይሰጣል?» የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ክበባችን ዘንድሮ የጠየቀው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ መሬቱ ሲከፋ የትኛው ይጸናል? ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2500 ይጠጋል። በዚህ አጭር መንገድ ሙቀቱም አፈሩም ይለወጣል። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ እንኳ ጠጠራማው አናት ቶሎ ሲደርቅ ታችኛው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ውሃ ያቁራል። አንድ ዝርያ በአንዱ ቦታ አምሮ ስለታየ ብቻ መመስከር ያሳስታል።

በግቢያችን ሦስት ቦታ መረጥን፦ ጠጠራማውን ላይኛ ጥግ፣ የመካከሉን ቀይ አፈርና ከአጥሩ ሥር ያለውን ዋልካ። የተዘሩት አራት ናቸው፤ ቁንጮ፣ የአካባቢው ነጭ ጤፍ፣ የአካባቢው ቀይ ጤፍ፣ እንዲሁም ነጩንና ቀዩን በሚዛን እኩል የደባለቅነው። ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፣ የዱከም ዝርያ ምርታማነትና የማኛ ዝርያ ንጣት እንዲገናኙ ከሁለቱ የተዳቀለ ነው። እያንዳንዱ በየቦታው ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ ድምሩ 36 መደብ። የትኛው የት እንደሚዘራ በእጣ ወሰንን። እጣ ካልተጣለ የወደዱትን ዝርያ ሳያውቁት ለምለሙ ላይ ማሳረፍ ይመጣል።

መደቡ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ በመደብ 10 መስመር ነው። ለሄክታር 10 ኪሎ ዘር ማለት ለካሬ ሜትር 1 ግራም፣ ለመደብ 4 ግራም፣ ለመስመር 0.4 ግራም ነው። ቁንጥር ጤፍ ማለት ነው፤ የሚመዝነውም የቤተ ሙከራው ሚዛን ብቻ ነው። የአንዱን መስመር ዘር ከሁለት ማንኪያ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ጋር እየደባለቅን፣ ክዳኑ በሚስማር በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አደረግነው። ጠርሙሱ ዘንበል ብሎ በመስመሩ ላይ በቀስታ ሲሄድ ጤፉ ከአሸዋው ጋር እኩል ይወርዳል። አሸዋው ትንሽ እርጥበት ከያዘ ግን ቀዳዳው ይደፈናል፤ ተማሪው ሲያራግፈው የመስመሩ ዘር ሁሉ አንድ ቦታ ይዘረገፋል። ስለዚህ አሸዋው በዋዜማው ይሰጣ፣ ጠርሙሱም ከውስጥ ይድረቅ።

ከመዝራት በፊት መደቡን በእግር ረገጥነው። ገበሬው ከብት ነድቶ ማሳውን የሚያስረግጠው ጤፍ በላላ አፈር ውስጥ ስለሚሰምጥ ነው። ደቃቅ ዘር ስንቁ ጥቂት በመሆኑ ከጥልቅ መውጣት ያቅተዋል። መስመሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባይጠልቅ ጥሩ ነው። በላይኛው ጥግ ሁለት መደቦች በወፍራም ዱላ ስለተሰመሩ ቡቃያቸው ተቆራርጦ ወጣ፤ የእነሱን ውጤት ከስሌቱ አስወጣን።

ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ለሄክታር 100 ኪሎ ሲሆን ለመደብ 40 ግራም፣ ለመስመር 4 ግራም ይደርሳል፤ ሁሉም ሲዘራ ይገባል። ዩሪያውም ለመደብ 40 ግራም ነበር፤ ሲሶው በዘር ጊዜ፣ የቀረው ጤፉ ከሥሩ ጎን ለጎን ቡቃያ ማብዛት ሲጀምር፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ። አንዴ ቢበተን ከፊሉን ዝናብ ያጥበዋል፤ የቀረው ተክሉን ያለ ልክ ያስረዝመውና ዘለላ ሲከብደው ይጋሽባል፣ ማለትም ይተኛል። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በቅጡ አይሞላም፣ ለማጨድም ያስቸግራል።

ትልቁ ጥፋት የደረሰው በዋልካው ላይ ነው። የውሃ መውረጃው ቦይ ከዘሩ በፊት መቆፈር ነበረበት፤ አልተቆፈረም። የሐምሌው ጎርፍ የአንዱን መደብ ዘር አጥቦ ወደ ጎረቤቱ አስገባው። ነጭና ቀይ በአንድ መስመር ሲበቅል ያን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም፤ ሁለቱንም ሰረዝናቸው። ቦዩ አንድ ክንድ ስፋት፣ ግማሽ ክንድ ጥልቀት ቢኖረው ይበቃ ነበር።

ኅዳር ላይ ስናጭድ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት መስመሮች፣ ከየመስመሩም ጫፍና ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ተውን። የዳር ተክል ብርሃንም ምግብም ስለሚተርፈው ያታልላል። የቀረው 1.6 በ1.6፣ ማለትም 2.56 ካሬ ሜትር ነው። በሸራ ላይ ተወቅቶ፣ ተነፍቶ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ግራሙን ለ2.56 አካፍሎ በ10 ማባዛት የሄክታሩን ኪሎ ይሰጣል፤ 384 ግራም 1500 ኪሎ፣ ማለትም 15 ኩንታል ይሆናል። ሸራው ላይ የቀረች 10 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማትሞላ ጤፍ፣ በሄክታር 39 ኪሎ ታሳስታለች። ሸራው ሁለቴ የሚራገፈው ለዚህ ነው።

ስሌቱን ለመለማመድ የወሰድነው ምሳሌ ይህ ነው። አንዱ ዝርያ በሦስት ቦታ 20፣ 14 እና 5 ኩንታል፣ ሌላው 14፣ 13 እና 12 ቢሰጥ የሁለቱም አማካይ 13 ነው። መደበኛ ልይይቱን፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለአማካዩ ስናካፍል የመጀመሪያው መዋዠቅ 58 በመቶ፣ የሁለተኛው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። የዓመት ቀለቡን ከአንድ ማሳ ለሚጠብቅ ቤተሰብ 5 ኩንታሉ ረሃብ ነው። በሌላ በኩል በሦስቱም ቦታ 3 ኩንታል የሚሰጥ ዝርያ መዋዠቁ ዜሮ ነው፤ ግን ማንም አይፈልገውም። አማካዩና መዋዠቁ ጎን ለጎን ካልታዩ ፍርዱ ይዛባል።

በእኛ መደቦች በቀይ አፈሩ ላይ ቁንጮ ሁሉንም በልጧል፤ በዋልካው ግን ደረጃው ወርዷል። ቀዩ ጤፍ የትም አንደኛ ባይወጣም በሦስቱም ቦታ እምብዛም አልተናወጠም። ድብልቁ በነጩና በቀዩ መካከል ሆነ። ይህ የአንድ ክረምት ውጤት ነው፤ ዓመት ከዓመት መዋዠቅን አያሳይም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐምሌ እነዚያው አራቱ በእነዚያው ሦስት ቦታዎች፣ አዲስ እጣ ተጥሎ ይዘራሉ።



የዘር ጤፉ በደረቁ ጠርሙሶች ታሽጎ በቤተ ሙከራው ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ሰኔ ላይ ከየጠርሙሱ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በ7ኛው ቀን የበቀለው ይቆጠራል። 80 ከበቀለ የመደቡ ዘር 4 ግራም መሆኑ ቀርቶ 5 ግራም ይሆናል። የዝርያው ስም ከውጭ ብቻ ሳይሆን በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥም ገብቷል፤ የእስክሪፕቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊደበዝዝ ይችላል።